በሐዋሳ የቤተሰብ መዝናኛ ውሎ ላይ ጥሩ ፎቶ ማንሳት፦ ከዋዜማው ዝግጅት እስከ ታተመው ፎቶ

ከቤተሰብ ጋር መዝናኛ ሥፍራ ውለው ሲመለሱ ስልክዎ ውስጥ ሁለትና ሦስት መቶ ፎቶ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ግን ታትሞ በአያት ቤት ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚበቃው ብዙ ጊዜ ከአምስት አይበልጥም። የቀረው የልጅ ጀርባ፣ የተጨፈነ ዓይን፣ የጠቆረ ፊት ወይም ግማሹ የተቆረጠ ዥዋዥዌ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በስልኩ ያላክካል። እኔም ስልክ እስክለውጥ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር፤ አዲሱ ስልክ የሰጠኝ ግን ይበልጥ የጠራ የልጅ ጀርባ ነበር።

ፎቶው የሚበላሸው አንሺው ልጆቹን ከኋላ ከኋላ ስለሚያሳድድ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዥዋዥዌው ሄዶ ይመለሳል፤ የሚሽከረከረው ፈረስ ዞሮ በፊትዎ ያልፋል፤ ከሸርተቴው የወረደው ልጅ ሮጦ መሰላሉን እንደገና ይወጣል። የመዝናኛ ሥፍራ መጫወቻ ሁሉ ተደጋጋሚ ስለሆነ፣ ጥሩ ብርሃን ያለበትን ቦታ አስቀድሞ መርጦ በዚያ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው፣ ሲሮጥ ከዋለው ሰው የተሻለ ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ቀጥሎ ያለው መመሪያ ይህን አጠባበቅ ከሐዋሳ አንድ ቀን ውሎ ጋር አያይዞ በቅደም ተከተል ያስረዳል። አብዛኛው ለስልክ ካሜራ የተጻፈ ሲሆን፣ ሌንሱ የሚለወጥ ካሜራ ላላቸውም በየቦታው ቁጥር ጨምሬያለሁ።

መጀመሪያ ቀኑን በፀሐይ ያቅዱ

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከዚህ የሚኖራት መዛነፍ በየትኛውም ወር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀትር ላይ ደግሞ በጣም ከፍ ትላለች። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ዝቅ ትላለች በሚባልበት በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። ይህ ማለት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች እየወረደ የዓይን ጉድጓድን፣ ከአፍንጫ በታችንና ከአገጭ ሥርን ያጠቁራል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ፊቱን ያኮሳትራል፣ ዓይኑንም ያጠብባል፤ ምንም ያህል «ፈገግ በሉ» ቢባል የሚገኘው ያው ነው።

ሌላው ማወቅ የሚገባዎ ነገር ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ መሆኑን ነው። ቤተሰቡ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ሲቆም፣ ጠዋት ፀሐይዋ ከአንሺው ጀርባ ሆና የሰዎቹን ፊትና ውሃውን አብራ ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ በኩል ስለምትዞር ብርሃኑ ከሰዎቹ ጀርባ ይመጣና ፊታቸው ይጨልማል። ስለዚህ የቤተሰቡን ትልቅ ፎቶ ከሐይቁ ጋር የሚፈልግ ሰው በጠዋት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ያንሳው። ጥላ መሳይ ምስል ከቀላ ሰማይ ጋር የሚፈልግ ደግሞ ምሽቱን ይጠብቅ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ገልብጦ፣ ጠዋቱን በመጫወቻዎቹ አሳልፎ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ይሰለፋል፤ በየስልኩ ያሉት የጠቆሩ ፊቶች ትልቁ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

የቀኑ ዕቅድ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ ጠዋት ሐይቁና አሞራ ገደል (በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ)፣ ቀትር ከዛፍ ጥላ ሥር ምሳ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ የልጆች መጫወቻ፣ በመጨረሻም ጀምበር መጥለቂያ። በክረምት ሰማዩ ሲደምን ግን ዕቅዱ ይላላል፤ ደመና ራሱ ብርሃኑን ስለሚያለሰልስ በማንኛውም ሰዓት የሰው ፊት ማንሳት ይቻላል።

በዋዜማው የሚሠራ ሥራ

ስልኩን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፤ ፓወር ባንክ ካለዎት ይያዙ። ማከማቻውን ከፍተው የማያስፈልጉ ቪዲዮዎችን ያጥፉ። አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢይዝ ነው፤ የ4ኬ ቪዲዮ አንድ ደቂቃ ግን ከ150 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ማከማቻውን የሚሞላው ሁልጊዜ ቪዲዮው ነው። በካሜራው ቅንብር ውስጥ ገብተው ምስሉን ለዘጠኝ የሚከፍሉትን መስመሮች ያብሩ፤ የሐይቁን አድማስ ሳያዘሙ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ረዳት የለም። ለስላሳ ጨርቅም ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ። ልጅ የነካው፣ ዘይት ያረፈበት የስልክ ሌንስ ብርሃኑን ሁሉ ጭጋግ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ መወልወሉን አይርሱ።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ እንዲለብስ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ለትንንሾቹ ልጆች ደማቅ ቀለም፣ ለምሳሌ ቢጫ ወይም ቀይ ቢያለብሷቸው፣ በሰው መካከል ለማግኘትም ሆነ በፎቶው ላይ ጎልተው እንዲታዩ ይረዳል። ነጭ ልብስ የራሱ ጣጣ ስላለው ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ጠዋት በሐይቁ ዳር፦ የቤተሰቡ ትልቅ ፎቶ

ልጆች ሳይደክሙ፣ ልብስም ሳይቆሽሽ ይህን ይጨርሱ። ጠዋት ነፋሱ ገና ስላልተነሳ የሐይቁ ውሃ ብዙውን ጊዜ የረጋ ነው፤ ጀልባዎቹም በውሃው ላይ ጥላቸውን ይጥላሉ። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ ሲቆሙ በመጀመሪያ የሚያዩት ሰዎቹን ሳይሆን ከኋላቸው ያለውን ይሁን። ከአባት ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የቆመ ባጃጅ፣ የሌላ ቤተሰብ ፌስታል ካለ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሄድ ብቻ ያስወግደዋል። አድማሱ በሰዎቹ አንገት ላይ እንዳያልፍም ስልኩን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉ።

አሰላለፉ ላይ አያቶችን በወንበር ወይም በድንጋይ መቀመጫ ላይ መካከል ያስቀምጡ፤ ልጆች ከእግራቸው ሥር፣ ወላጆች ከኋላ ይሁኑ። የስልክ ካሜራ ሰፊ አድርጎ ስለሚያይ ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው ይለጥጠዋል፤ በተለይ 0.5 የሚለው ሌንስ ዳር የቆመችውን አክስት ያለ ጥፋቷ ያወፍራታል። ስለዚህ ቀረብ ብሎ በሰፊው ከማንሳት ይልቅ ወደ ኋላ አምስት ስድስት እርምጃ ርቀው በ1 ወይም፣ ስልኩ የራሱ ሌንስ ካለው፣ በ2 ያንሱ። በካሜራ የሚያነሳ ሰው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢጠቀምና ክፍተቱን 5.6 ወይም 8 ላይ ቢያደርግ የፊተኛውም የኋለኛውም ረድፍ ይጠራል።

ስንት ጊዜ ላንሳ የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ የተባሉ፣ በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ በቡድን ፎቶ ላይ ማንም ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን እንዲገኝ ስንት ፎቶ ማንሳት እንደሚያስፈልግ አስልተው በ2006 እ.ኤ.አ. የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሽልማቱ ሰውን አስቀድሞ የሚያስቅ፣ ቀጥሎም የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበት ነው፤ ስሌቱ ግን ይሠራል። ሰዎቹ ከ20 ያነሱ ከሆነ፣ በጥሩ ብርሃን የሰዎቹን ቁጥር ለሦስት፣ በደካማ ብርሃን ደግሞ ለሁለት ማካፈል ነው። አሥራ ሁለት ሰው በጠዋት ፀሐይ ስድስት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ቢነሳ ይበቃዋል ማለት ነው። እኔ ለሕፃን ሁለት እጨምራለሁ። ሕፃን ያለበት ቤተሰብ ላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መቁጠር አይጠቅምም፤ ይልቅስ ልጁ የሚወደው ሰው ከአንሺው ጀርባ ቆሞ እንዲጠራው ማድረግ ይሻላል።

ነጭ ልብስና የፊት ብርሃን

ከዚህ ቀደም አያቴ ነጠላዋን ተከናንባ ያነሳኋት ፎቶ ላይ የጥበቡ ጥለት ክር በክር ይቆጠራል፤ ፊቷ ግን ጥላ ነው። ምክንያቱን ማወቅ መፍትሔውን ያስገኛል። ካሜራ ሁሉ የሚያየውን ነገር ብርሃን አማካይ አውጥቶ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። የምስሉ ብዙ ክፍል ነጭ የሐበሻ ልብስ ሲሆን «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ በዚህ ጊዜ ነጩ ልብስ ውብ ሆኖ ሲወጣ ጠይም ፊት ይሰምጣል። በተቃራኒው ደግሞ ሁሉም ጥቁር ጃኬት ለብሰው ቢሰለፉ ካሜራው አብርቶ ፊታቸውን ያገረጣዋል።

በስልክ ላይ የሚደረገው ይህ ነው። ልብሱን ሳይሆን ፊቱን በጣትዎ ይንኩ፤ ስልኩ ትኩረቱንም ብርሃኑንም ከፊቱ ላይ ይለካል። ከዚያ ጣትዎን ሳያነሱ ጥቂት ሰከንድ ቢቆዩ ልኬቱ ይቆለፋል። ከጎኑ በምትታየው ትንሽ የፀሐይ ምልክት ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመጎተት ብርሃኑን ያስተካክሉ። ኤችዲአር የሚባለው ቅንብር ካለ እንደበራ ይተውት፤ ስልኩ በተለያየ ብርሃን የተነሱ ምስሎችን ደራርቦ ነጩንም ጠይሙንም ለማዳን ይሞክራል። ሆኖም ልጅ ሲሮጥ ወይም ሲዘል ምስሎቹ ስለማይገጣጠሙ እጁ ወይም እግሩ መንታ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሌንሱ በሚለወጥ ካሜራ ላይ ደግሞ፣ ነጭ ልብስ በበዛበት ጊዜ የብርሃን ማካካሻውን ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ወደ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ይሁን እንጂ የጥበቡ ነጭ ተቃጥሎ ክሩ እንዳይጠፋ በካሜራው ማሳያ ላይ ይመልከቱ።

ነጠላው ራሱ መድኃኒትም ነው። ፀሐይ ከሰው ጀርባ ወይም ከጎን ስትመጣ፣ አንድ ሰው ነጠላ ወይም ነጭ አንሶላ ከምስሉ ውጭ ዘርግቶ በፊቱ ትይዩ ቢይዝ፣ ብርሃኑን መልሶ ወደ ፊቱ ይወረውረዋል፤ የፎቶ ቤቶች በብር የሚገዙት ማንጸባረቂያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ጋቢ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ነፋስ አያውለበልበውም፤ ለዚህ ሥራ ከነጠላ ይሻላል። ፍላሽም በቀን ብርሃን ይጠቅማል፤ ነገር ግን የስልክ ፍላሽ ከሁለት ሜትር በላይ ያለ ሰው ላይ ኃይሉ ስለሚደክም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ቅርብ ፎቶ ብቻ ይቅርበት።

አሞራ ገደል፦ ወፍ፣ ጦጣና ዓሣ

ልጆች በዚህ ቦታ ካሜራ መኖሩን ይረሳሉ፤ አንሺ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል። ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ እየተገፈፈ፣ ተረፈ ሥጋውን የሚጠብቁ ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች ዙሪያውን ይቆማሉ። አባ ኮዳ ሲቆም እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ስለሚረዝም ከአምስት ዓመት ልጅ ይበልጣል፤ የልጁን መገረም በፎቶ ለማሳየት ከፈለጉ ወፉንና ልጁን ጎን ለጎን ወደሚያዩበት ቦታ ይሂዱ እንጂ ልጁን ወደ ወፉ አይግፉት፤ ምንቃሩ ኃይለኛ ነው። ከዚያ ይንበርከኩ። የልጅን ፎቶ በልጅ ዓይን ቁመት ማንሳት በሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ ቢሆንም፣ ወፉ ግዙፍ ሆኖ የሚታየው ከታች ሲያዩት ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ጉልበትዎ አቧራ ቢነካም አይጸጸቱ።

በዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጦጣ በእጅ የተያዘ ሙዝም ቢሆን ብስኩት ነጥቃ ስለምትሄድ፣ የስልኩን ማሰሪያ በእጅ አንጓዎ ላይ ያድርጉ፤ ምግብ ይዞ እየሳቀ የሚነሳ ልጅም ሊቧጨር ይችላል። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ በላዩም ደማቅ ሰማይ ስላለ፣ ካሜራው እሱንም እንደ አያቴ ፊት ያጠቁረዋል፤ መላው ከላይ የተነገረው ነው። ጥርት ያለ ምስል ሲፈልጉ በሁለት ጣት እየጎተቱ ዙም አያድርጉ፤ ይህ ምስሉን ቆርጦ ከማተለቅ የዘለለ አይደለም። ጦጣዎቹ ሰው ስለለመዱ፣ ዝም ብለው ቢቀመጡ ራሳቸው ይቀርባሉ።

የሚሠሩትን አስጋሪዎች ወይም ዓሣ የሚገፍፉትን ልጆች ለማንሳት ሲፈልጉ ይጠይቁ። ከአንድ ሰላምታና ከአንድ ሳህን ዓሣ ግዢ በኋላ የሚገኝ ፎቶ፣ ከሩቅ ከተሰረቀው ይለያል። የማያውቁትን ሰው ልጅ ማንሳት ደግሞ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይገባም።

በጀልባ ጉማሬ ለማየት የሚሄዱ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬቱ ፎቶውን ያበላሻል ብሎ የሚያወልቅ ሰው እንዳይኖር፤ ብርቱካናማው ቀለም ለምስሉ እንዲያውም ያምራል። ተነስቶ መቆም የለም። ጀልባው ስለሚናወጥ፣ በካሜራ የሚያነሱ ከሆነ የካሜራውን የማንሻ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያድርጉ።

ቀትር

በዚህ ሰዓት ብዙ ፎቶ አያንሱ። ይብሉ፣ ስልኩን ቻርጅ ያድርጉ። ማንሳት ካለብዎ ቤተሰቡን በዋርካ ወይም በሌላ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጥላው ካለቀበት ጠርዝ አንድ እርምጃ ገባ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ሜዳው ብርሃን አዙረው ያስቀምጡ። በቅጠል መካከል የሚያልፍ ነጠብጣብ ብርሃን ፊት ላይ ካረፈ ቦታ ይቀይሩ፤ ይህን በኋላ የሚያስተካክል መሣሪያ የለም። የተጠበሰውን ዓሣ ሲያነሱ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ አዋዜውና ሎሚው አጠገቡ እንዳለ፣ ዳቦ የሚቆርስ እጅም እንዲገባ አድርገው ቢያነሱት የማዕዱን ወግ ይናገራል።

ከ9 ሰዓት በኋላ፦ መጫወቻዎቹ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። መጫወቻው ግቢ እንደገቡ ወዲያው ማንሳት አይጀምሩ፤ ልጆቹ ትኬት ሲቆረጥላቸው እርስዎ ግቢውን አንድ ጊዜ ይዙሩት። የሚመልሱት ጥያቄ ሁለት ነው፦ ፀሐይዋ ከየት በኩል ናት? ከመጫወቻው ጀርባ ምን ይታያል? ከጀርባው ዛፍ፣ አረንጓዴ አጥር ወይም ሰማይ ያለበትን አቅጣጫ ይምረጡ፤ የወላጆች ሰልፍና የሚንጠለጠል ኮት ያለበትን ይተዉ። ከዚያ እዚያው ቆመው ይቆዩ።

ዥዋዥዌ ላይ ልጁ በጣም የሚፈጥነው መሬቱን ሊነካ ሲቀርብ፣ ማለትም ከታች ነው። ከላይ ጫፍ ሲደርስ ግን ለቅጽበት ይቆማል፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታና ፍርሃትም የሚደባለቀው እዚያ ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ፣ ግን እግሩ ከማይደርስበት ርቀት ላይ፣ ዝቅ ብለው ቆመው ወደ እርስዎ ሲመጣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይንኩ። በቀጥታ ከፊት መቆም ካስፈራዎ፣ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ቢሆኑ ገመዱና የሚበርረው ፀጉር ይታያል። ሁለት ሦስት ምልልስ ሳያነሱ ይመልከቱ፤ እጅዎ ምቱን ይለምዳል። ልጅ ከመረብ ላይ የሚዘልበት መጫወቻም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ጫማው ከመረቡ ሲላቀቅ ሳይሆን ከላይ ሲንሳፈፍ ያንሱት።

የሚሽከረከር ፈረስና ትንሹ ባቡር ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። ልጁ የሚያልፍበትን አንድ ቦታ ይምረጡ፤ አጥር ወይም ምሰሶ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ሌላ ልጅ በዚያ ሲያልፍ ትኩረቱን በጣትዎ ይቆልፉ፤ ከዚያ የእርስዎ ልጅ ሲደርስ ቁልፉን ተጭነው በመያዝ፣ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ ቁልፉን ወደ ጎን በመጎተት፣ በተከታታይ ያንሱ። በካሜራ ከሆነ 1/500 ሰከንድ ለዘገምተኛ ሽክርክሪት ይበቃል፤ ለፈጣኑ 1/1000 ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር የቆመ መስሎ መውጣቱ ከሰለችዎ፣ ፍጥነቱን ወደ 1/30 ዝቅ አድርገው፣ ካሜራውን ከልጁ ጋር በአንድ ፍጥነት እያዞሩ ያንሱ። ልጁ ጠርቶ ከጀርባው ያለው ሁሉ እንደ ቀለም ብሩሽ ጭረት ይሆናል። እኔ ከአሥር አንድ ይሳካልኛል፤ ያ አንዱ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ መሽከርከሩን ያሳያል።

ሸርተቴን ከጎን ያንሱ። መውረጃው ጫፍ ላይ መቆም ልጁ የሚያርፍበትን መዝጋት ነው፤ ሌሎች ልጆችም በተከታታይ ስለሚወርዱ አደጋ አለው። ከታች በጎን በኩል ተንበርክከው ልጁ ከላይ ተቀምጦ ሊለቅ ሲያመነታ ያለውን ፊት ይጠብቁ፤ ከወረደ በኋላ ካለው ሳቅ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የሚጋጩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ጣሪያ ሥር ስለሚሆኑ ብርሃኑ ያንሳል፤ በዚያ ላይ ጥሩው ጊዜ ከግጭቱ በኋላ ያለው ሰከንድ ነው፤ ሁሉም በሳቅ ወደ ኋላ ሲል።

በማንኛውም መጫወቻ ላይ ተሳፍረው እያሉ ግን ስልክ አያውጡ። የሚወድቅ ስልክ ከታች ያለን ሰው ይጎዳል፤ አንድ እጁ በስልክ የተያዘ ወላጅም ልጁን መያዝ አይችልም። አብሮ የሚሳፈር ሰው ይሳፈር፤ የሚያነሳ ሰው ከአጥሩ ውጭ ይቁም።

ልጅ ካለቀሰ ወይም መጫወቻውን ከፈራ ጥቂት ያንሱና ስልኩን ያስቀምጡ። የመጀመሪያው አንድ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ያስቃል፤ አሥረኛው ግን ልጁን ያዋርዳል። በየአምስት ደቂቃው «እስቲ እዚህ ቁም» መባል የሰለቸው ልጅም ከሰዓት በኋላ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጫወቻ አንድ ዙር ለፎቶ፣ የቀረው ዙር በሙሉ ለጨዋታ የሚል ደንብ ያውጡ።

የጎደለው ሰው

በየቤተሰቡ አልበም ውስጥ የማይታይ አንድ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አንዳንዴም ትልቋ እህት፤ ሁልጊዜ የምታነሳው እሷ ስለሆነች። ሰዓት እየተፈራረቁ ስልኩን ይቀባበሉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ከላይ ያለውን የዥዋዥዌ ብልሃት ከተነገረው በደንብ ያነሳል፤ ከታች ስለሚያነሳም እናቱን ግርማ ሞገስ ያለብሳታል። «እኔን ተዉኝ፣ አላምርም» የምትለዋን አክስት ደግሞ አያስገድዱ፤ ለልጆቹ ብርቱካን ስትልጥ ከጎን በኩል አንስተው ያሳይዋት፤ ካልወደደችው እያየች ያጥፉት። ሁሉም ሰው አንድ ላይ እንዲገባ የስልኩን የ10 ሰከንድ መቁጠሪያ መጠቀም ወይም በሐይቁ ዳር ካሜራ አንግበው ከሚዞሩት ፎቶ አንሺዎች አንዱን መቅጠር ይቻላል፤ ለእሱም የት መቆም እንደሚፈልጉ እርስዎ ይንገሩት።

ጀምበር ስትጠልቅ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ሐይቁ ዳር ይመለሱ። ከማዶ ያሉት ተራሮች ፀሐይዋን ከአድማሱ ቀድመው ስለሚሸፍኗት ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል፤ ከጠለቀች በኋላም በእኛ አገር ደብዛዛው ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ለጥላ መሳይ ምስል ቀኑን ሙሉ ከተባለው በተቃራኒ ፊቱን ሳይሆን ሰማዩን ይንኩ፤ ብርሃኑንም ዝቅ ያድርጉ፤ ፍላሽና ኤችዲአር ይጥፉ። ሰዎቹ ተጠጋግተው ከቆሙ አንድ ጥቁር ክምር ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ሰማይ እንዲታይ አራርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ እጅ ለእጅ አያይዘው ያቁሟቸው። አያት ከነምርኩዛቸው፣ ልጅ ሲዘል፣ አባት ሕፃን ወደ ላይ ሲያነሳ በቅርጻቸው ብቻ ይለያሉ። ፀሐይዋ ከጠለቀች አምስትና አሥር ደቂቃ በኋላ ሰማዩ ይበልጥ ሊቀላ ስለሚችል ስልኩን ኪስ ለማስገባት አይቸኩሉ።

ከመሸ በኋላ በመብራት ሥር የሚያነሱ ከሆነ በምስሉ ላይ አግድም የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ሊያዩ ይችላሉ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ የካሜራውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሲያደርጉት መስመሮቹ ይጠፋሉ። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ልጅ ስለሚደበዝዝ፣ የተቀመጡትን ብቻ ያንሱ።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

በዚያው ምሽት ወይም በማግስቱ ይምረጡ፤ ሳምንት ካለፈ ሦስቱ መቶ ፎቶ እንዳለ ይቀራል። መጀመሪያ የደበዘዘውንና ዓይን የተጨፈነበትን ያጥፉ፤ ከተመሳሳዮቹ አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚሆኑት ከቀሩ፣ የዘመመውን አድማስ ያቅኑ፣ ዳር ላይ የገባውን የሰው ክንድ ይቁረጡ፣ ፊት ጨልሞ ከሆነ ጥላውን ብቻ ጥቂት ያብሩት። ቆዳ የሚያለሰልስና መልክ የሚያቀላ ማጣሪያ አልመክርም፤ የአያት የፊት መስመር የተሠራው በሰባ ዓመት ነው፣ በአንድ ንክኪ መደምሰስ አይገባውም።

ለዘመድ በቴሌግራም ሲልኩ በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ስለሚያንስ፣ ለማሳተም የሚፈለገውን እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት። ፎቶ ቤት ሲሄዱ መጠኑን በልኩ ይምረጡ። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ጥሩ ህትመት 2 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ፣ 20 በ30 የሆነው ደግሞ ከ8 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ይፈልጋል። የዛሬ ስልኮች ዋና ካሜራ 12 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ስለሚያነሳ ለሁለቱም ይበቃል፤ በዙም የተቆረጠና በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ምስል ግን ለትልቁ አይሆንም። ለአያት ቤት አንዱን በትልቁ፣ ለልጆቹ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ትንንሽ ያሳትሙ፤ በጀርባውም ዕለቱንና በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ፊት ለፊት ላይ ምልክት ይተዋል፣ ቀለሙም ፎቶዎቹ ሲደራረቡ ወደ ሌላው ይተላለፋል።